ኮፒ ያደረግሁትን ዌብሳይት ያየዋል ወይ? ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ እርዱኝ

የፒያሳዋ ጸሐፊ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን። ሰው የሚመጣው ማመልከቻ ለማስጻፍ፣ የፓስፖርት ፎርም ለማስሞላት፣ ዲቪ ሲደርስ ዲቪ ለመሙላት፣ የፋይዳ ወረቀት ለማሳተም ነው። ሥራዬ ጠዋትም ማታም ኮፒ ፔስት ነው። የሰው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር በቀን ስንት ጊዜ በእጄ እንደሚያልፍ ቆጥሬው አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሐጂ መጡ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። የፓስፖርቷን ቁጥርና የባንክ ሒሳቧን በቴሌግራም ልካላቸው፣ እሱን ከፎቶዎች ጋር አንድ ፒዲኤፍ አድርጊልኝ አሉኝ። ቁጥሩን ኮፒ አደረግሁና ፎቶ ወደ ፒዲኤፍ በነፃ የሚቀይር ዌብሳይት ከፈትኩ። ገጹ ገና ከመከፈቱ ከላይ በግራ በኩል ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ይህ ገጽ ክሊፕቦርድ ላይ ያለውን ጽሑፍና ምስል ማየት ይፈልጋል ትላለች። ሥሯ ላይ ፍቀድ፣ ከልክል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ ፍቀድ እየሄደ ነበር። ወረፋ አለ፣ ሰው ቆሟል፣ የመጣውን ሳጥን ሁሉ ፍቀድ እያሉ ማለፍ ለምዶብኛል። ሐጂ ግን ከጎኔ ተቀምጠው ስክሪኑን እያዩ ነበርና «ልጄ፣ ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ። ከልክል አልኩና ሥራውን ጨረስኩ።

ማታ ሱቁን ዘግቼ የክሮምን ሴቲንግ ስፈትሽ ክሊፕቦርድ የሚል ቦታ አገኘሁ። ከዚህ በፊት ተፈቅዶላቸው የተቀመጡ 4 ዌብሳይቶች አሉ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ሌሎቹን ማን እንደፈቀደላቸው አላውቅም። እኔ ልሁን፣ የምታግዘኝ ልጅ ትሁን፣ ኮምፒውተሩን ለአፍታ የተጠቀመ ደንበኛ ይሁን። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እስከ ዛሬ ምን አይተው ይሆን? የሰው አደራ ነው እኮ።

ከቶሳ ሥር፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ። አስቀድመሽ በመጠየቅሽ ብቻ ከብዙዎቻችን ትሻያለሽ። እኔ የኔትወርክና የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ትንሽ ይረዝማል።

ኮፒ ስትዪ ኮምፒውተሩ ያንን ነገር አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ቦታው ክሊፕቦርድ ይባላል። በመደበኛው አሠራር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው፤ አዲስ ኮፒ ስታደርጊ የድሮው ይለቃል። ችግሩ ይህ ቦታ የማንም የብቻው አለመሆኑ ነው። ወርድም፣ ቴሌግራምም፣ ብሮውዘሩም የሚጠቀሙት ያንኑ አንድ ቦታ ነው።

ድሮ ነገሩ በጣም ልቅ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በነበረበት ዘመን አንድ ዌብሳይት ሳይጠይቅሽ ክሊፕቦርድሽ ላይ ያለውን ማንበብ ይችል ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7 ነው መጠየቅ የጀመረው። አሁን ያየሽው ሳጥን የመጣው ደግሞ ክሮም በ2018 እ.ኤ.አ. በ66ኛው ቨርዥኑ ካስገባው አዲስ አሠራር ጋር ነው። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የማይጀምር ገጽ ይህንን ፈቃድ ሊጠይቅ እንኳ አይችልም።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ። ፈቃድ የተሰጠው ዌብሳይት ምን ያህል ያያል?

በዚያች ደቂቃ ክሊፕቦርድ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ትናንት ኮፒ ያደረግሽውን አያይም። ሌላ ታብ ላይ ሆነሽ ስትሠሪ ወይም ወርድ ላይ ስትጽፊም ማንበብ አይችልም፤ ገጹ ፊት ለፊትሽ ተከፍቶ ሥራ ላይ መሆን አለበት። ይህ መልካሙ ነው።

መጥፎው ይኸውልሽ። ክሮም ላይ አንዴ ፍቀድ ካልሽ ፈቃዱ ለዚያ ዌብሳይት ተመዝግቦ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ገጹን ስትከፍቺ ሳጥኗ አትመጣም። ምንም ሳትጫኚ፣ ገጹ ስለተከፈተ ብቻ፣ ያን ጊዜ የያዝሽውን ማንበብ ይችላል። አንቺ ደግሞ እንዲህ ያለ ገጽ የምትከፍችው መቼ ነው? የሰው ቁጥር ኮፒ አድርገሽ፣ ደንበኛ ከጎንሽ ተቀምጦ፣ ሥራ መሀል ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህንን አድርጊ። ክሮም ሴቲንግ ግቢ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከሥር ተጨማሪ ፈቃዶች የሚለውን ስትከፍቺ ክሊፕቦርድን ታገኚዋለሽ። የተፈቀደላቸውን አራቱንም በቆሻሻ ቅርጫቷ ምልክት ሰርዢ። ከላይ ደግሞ ማንም ዌብሳይት እንዳይጠይቅ የሚለውን ምረጪ። ሥራሽ አይቆምም። ኮንትሮል ቪ እንደ ድሮው ይሠራል። አንዳንድ ገጽ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፔስት ስትዪ እምቢ ሊልሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኪቦርዱን ተጠቀሚ።

ሐይቅ ዳር

ከቶሳ ሥር በደንብ አስረድቶታል። እኔ ፋየርፎክስ ነው የምጠቀመው፤ አሠራሩ ይለያል። አንድ ገጽ ክሊፕቦርድን ለማንበብ ሲፈልግ መዳፊቱ አጠገብ ፔስት የምትል ትንሽ ቁልፍ ትመጣለች። እሷን ካልጫንክ አያገኝም። ፈቃዱም አይመዘገብም፣ በየጊዜው ይጠይቅሃል። ይህ የመጣው በ2024 እ.ኤ.አ. በ125ኛው ቨርዥን ነው። አይፎንና ማክ ላይ ያለው ሳፋሪም ተመሳሳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ አባውት ኮንፊግ (የፋየርፎክስ የውስጥ ሴቲንግ) ገብታችሁ ክሊፕቦርድኢቨንትስ የሚለውን ፎልስ አድርጉት፣ ማለትም አጥፉት፣ የሚል ምክር ይዞራል። እኔም አደረግሁት። ዌብሳይቱ መቼ ኮፒ፣ መቼ ፔስት እንዳደረግህ እንዳያውቅ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን በማግስቱ ኦንላይን ዶክመንት ላይ ፔስት አልሠራ ብሎኝ ግማሽ ቀን ኪቦርዱ ተበላሸ ብዬ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ። ለጽሕፈት ቤት አልመክረውም።

ሰኞ ገበያ፣ ባቲ

እኔ ኮምፒውተር የለኝም፣ ነጋዴ ነኝ። ሁሉ ነገሬ ስልኬ ላይ ነው። ከብት የሸጠ ሰው ሒሳብ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ ኮፒ አድርጌ ባንክ አፕ ላይ አስገባለሁ። ስልክ ላይስ እንዴት ነው? አንዳንዴ አፕ ስከፍት ከታች እገሌ ከክሊፕቦርድህ ለጥፏል የሚል ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ደንግጬ አፑን ያጠፋሁበት ቀን አለ።

ከቶሳ ሥር፣ ደሴ

ሰኞ ገበያ፣ ያ መልእክት ወዳጅህ ነው። አንድሮይድ 12 ላይ ነው የመጣው፤ አንድ አፕ ሌላ አፕ ላይ ኮፒ ያደረግኸውን ሲወስድ ይነግርሃል። አንተ ራስህ ፔስት ብለህ ከሆነ ምንም አይደል። ፔስት ሳትል ከመጣ ግን የአፑን ስም ያዝ፤ የእጅ ባትሪ ወይም የካልኩሌተር አፕ ከሆነ ይህን የሚያደርገው አጥፋው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ ከኋላ ተደብቆ የሚሠራ አፕ ክሊፕቦርድ ማንበብ አይችልም። አይፎንም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳውቃል፤ አሁን አሁን ፈቃድም ይጠይቃል።

ሰው የሚዘነጋው ኪቦርዱን ነው። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ የራሱ ክሊፕቦርድ አለው። ከከፈትከው ኮፒ ያደረግኸውን ወደ አንድ ሰዓት ያህል ይይዝልሃል። ፒን አድርገህ፣ ማለትም እንዳይጠፋ አጣብቀህ፣ ካስቀመጥከው ግን እስክታጠፋው ድረስ እዚያው ነው። ስልክህን ለልጅ ለጨዋታ ሰጥተህ፣ ለጥገና ሰጥተህ፣ ያ ሁሉ ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ክሮም ስልክ ላይም ሴቲንግ ውስጥ ሳይት ሴቲንግስ ስትል ክሊፕቦርድ የሚል አለ። እሱንም እየው።

ደግሞ ብር ስትልክ አንድ ልማድ ይኑርህ። ሒሳብ ቁጥሩን ፔስት ካደረግህ በኋላ የመጀመሪያና የመጨረሻ አኃዞቹን ከላኪው መልእክት ጋር አስተያይ፣ ከዚያ የሚመጣልህን የተቀባይ ስም አንብብ። ክሊፕቦርድ ላይ ያለውን ቁጥር በሌላ ቁጥር የሚቀይር ቫይረስ አለ። በብዛት የሚያጠቃው የቢትኮይን አድራሻ የሚልኩትን ነው፤ ግን ጥንቃቄው ለከብት ነጋዴም ያው ነው።

መንገደኛ፣ ኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አከብራለሁ ግን ነገር አታካብዱ። ከእኔ ምን ሊወስዱ ነው? የሒሳብ ቁጥሬን ቢያዩት ብር ያስገቡልኝ እንደሆን እንጂ ያለ ፒን አያወጡም።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፣ ደሴ

ወንድሜ፣ ስለራስህ ብቻ ከሆነ መብትህ ነው። እኔ ግን የያዝኩት የራሴን አይደለም። ከቶሳ ሥር የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርህ።

አራቱን ዌብሳይቶች ሰረዝኩ። ከዚያ የምታግዘኝን ልጅ ስለ ኮፒ ፔስት ሳስረዳት፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ የድሮውንም አገኘዋለሁ» አለችኝ። እንዴት ብላት ዊንዶውስና ቪን አንድ ላይ ተጫነች። ከስክሪኑ ጥግ አንድ ሳጥን ተከፈተ። ወደ ታች እየሳበች አሳየችኝ። የሐጂ ልጅ የፓስፖርት ቁጥር። የአንድ መምህር ስልክና ኢሜይል። ከባንክ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ። ከዚያ ሥር የአንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ፣ ሙሉ አንቀጽ፣ ባሏ ምን እንዳደረጋት በራሷ አፍ የነገረችኝ። ያን ዕለት በር ዘግቼ ነው የጻፍኩላት። ሻይ አፍልቼ አጠጥቻታለሁ። ቃሏ ግን ለማንም ክፍት ሆኖ እዚያ ተቀምጧል። ያ ኮምፒውተር ላይ ከሷ በኋላ ስንት ሰው ተቀምጧል።

ልጅቱ ምንም ክፋት የላትም። ሥራ እንዲቀልላት ነው የከፈተችው። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

እና ወንድሜ፣ የሷን ቃል ምን ይወስዱበታል ልበል?

መንገደኛ፣ ኮምቦልቻ

አፉ በይኝ እህቴ። ይህን አላሰብኩትም። እኔም መሥሪያ ቤት ውስጥ በጋራ ኮምፒውተር ነው የምሠራው። አሁን ዊንዶውስና ቪ ተጫንኩ። የባለቤቴ የሕክምና ውጤት አለበት። በቴሌግራም ልካልኝ ነበር፣ ኮፒ አድርጌ ለሐኪም የላክሁት።

ከቶሳ ሥር፣ ደሴ

ይህን ሳልጠቅስ መቅረቴ ጥፋቴ ነው፤ የሁሉም እናት ይህ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የገባ ነገር ነው፣ የክሊፕቦርድ ታሪክ ይባላል። እስከ 25 ኮፒ ይይዛል። ከዊንዶውሱ ጋር ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰው ዊንዶውስና ቪ ተጭኖ ካበራው ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ያጠራቅማል። ፒን የተደረገው ደግሞ ጠፍቶ ቢበራም አይሄድም። ዌብሳይት ይህን ዝርዝር አያገኘውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ያገኘዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ለብዙዎቻችን ሳናውቀው ሲያጸዳልን ኖሯል።

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ክሊፕቦርድ። መጀመሪያ ክሊር የሚለውን፣ ቀጥሎ ታሪኩን ማጥፋት። ሲንክ የሚልም አለ፤ እሱ ኮፒ ያደረግሽውን በዚያው አካውንት ወደተከፈተ ሌላ ኮምፒውተር ይወስደዋል። ለጋራ ኮምፒውተር ሁለቱም ይጥፉ።

ወልድያ ጎብዬ መንገድ

እስካሁን ያወራችሁት ዌብሳይት ስለሚያነበው ነው። ስለሚጽፈውስ? እኔ የተጎዳሁት በዚያ ነው።

ማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ መጻፍ አይጠይቅም። ገጹ ላይ የሆነ ቦታ ከተጫንክ በቂው ነው። ዜና ኮፒ አድርገህ ፔስት ስታደርግ ከሥሩ ያልነካኸው ሊንክ ተለጥፎ አይተህ ታውቃለህ አይደል? ያ ነው። ዌብሳይቱ ኮፒ ስታደርግ ጽሑፉን ይቀይርብሃል።

እኔ ለጥናት የሚሆን መጽሐፍ በነፃ አውርድ የሚል ገጽ ገባሁ። ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ አለኝ። የተለመደ ነገር ነው ብዬ ተጫንኩ። ከዚያ ሦስት ትእዛዝ መጣ። ዊንዶውስና አር ተጫን፣ ኮንትሮል ቪ ተጫን፣ ኢንተር ተጫን። እንደ ሞኝ አይደለም ያደረግሁት፣ እንደ ቸኮለ ሰው ነው። ያችን የሮቦት ማረጋገጫ ስጫን ገጹ ክሊፕቦርዴ ላይ ትእዛዝ ጽፎ ነበር፤ ዊንዶውስና አር ደግሞ የኮምፒውተሩን ትእዛዝ መጻፊያ ነው የሚከፍተው። ኢንተር ስል ኮምፒውተሬ ራሱ ቫይረሱን ጎትቶ አወረደ። ብሮውዘሩ ላይ የተቀመጠ ፓስዎርዴ ሁሉ ሄደ። የቴሌግራም አካውንቴን ለመመለስ ሳምንት ፈጀብኝ። በእኔ ስም ለአክስቴ ብር ላኪልኝ ብለው ጽፈውላታል። እሷም ምስኪን ልካለች።

ይህ ክሊክፊክስ ይባላል። የትም አገር ያለ እውነተኛ ገጽ ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ ብሎ ከብሮውዘሩ አውጥቶ ዊንዶውስና አር አያስጫንህም። ይህን ለሱቅሽ ደንበኞች ሁሉ ንገሪልኝ እህቴ፣ በተለይ ለተማሪዎቹ።

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ አይዞህ። ለአክስትህም ጽናት ይስጣት። እውነት ለመናገር ይህን ዘዴ አላውቀውም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። የማታውቁትን ኮፒ በቀጥታ ትእዛዝ መጻፊያ ላይ አትለጥፉ። መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፉትና እዩት። ኮፒ ያላደረጋችሁት ነገር ካለ እዚያ ይገለጣል።

ሰኞ ገበያ፣ ባቲ

አንድ ልጠይቅ። ፎርም ላይ ፔስት አድርጌ፣ ሰብሚት ሳልል ከወጣሁስ? አይደርሳቸውም አይደል?

ከቶሳ ሥር፣ ደሴ

ሊደርሳቸው ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ የለጠፍከውን ገጹ እዚያው በዚያው ማንበብ ይችላል፣ ሰብሚት እስክትል አይጠብቅም። አንተ ራስህ ፔስት ስላልክ ፈቃድም አይጠይቅህም። ስለዚህ በስሕተት የባንክ ኮድህን የፌስቡክ መፈለጊያ ላይ ብትለጥፍ አጥፍተኸውም ቢሆን ሰጥተኸዋል ብለህ አስብ። ኮዱን ቀይረው።

እግረ መንገዴን ስለ ኤክስቴንሽን። ክሮም ላይ የሚጨመሩት ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ለትርጉም፣ ለስክሪን ፎቶ፣ ለቪዲዮ ማውረጃ። አንዳንዶቹ ሲጫኑ ኮፒና ፔስት የምታደርገውን አነባለሁ ብለው ያስታውቃሉ። አንዴ ከጫንካቸው በየገጹ ሳጥን አያመጡም። የማትጠቀምበትን ሁሉ አውጣ።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፣ ደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ያደረግሁትን ልጻፍ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ የክሊፕቦርድ ታሪክ ጠፍቷል፣ ሲንኩም። ክሮም ማንም እንዳይጠይቅ ተደርጓል። አምስት ኤክስቴንሽን ነበር፣ አራቱን አወጣሁ። ደንበኛ ራሱ ሲጠቀም ኢንኮግኒቶ፣ ታሪክ የማይመዘግበውን የክሮም መስኮት፣ ነው የምከፍትለት፤ አንድ ነገር ቢፈቅድ እንኳ ሲዘጋ ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል። ፎቶ ወደ ፒዲኤፍ ዌብሳይት ላይ መቀየሩንም ትቻለሁ። ወርድ ላይ አስገብቼ ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጥ ስለው ይሠራልኛል። ስንት ዓመት የሰው ፓስፖርት ወደማላውቀው ቦታ ስጭን ኖሬ፣ መፍትሔው እጄ ላይ ነበር።

አንድ ሰው ከተነሣ በኋላ ሌላው ከመቀመጡ በፊት ደግሞ ባዶ ነገር ኮፒ እናደርጋለን። አንዲት ነጥብ ጽፈን እሷን ኮፒ። የፊተኛው ሰው ቁጥር ይለቃል። ልጅቱ ናት ያመጣችው ሐሳብ።

የፍቺዋን ሴትዮ ደውዬ ነገርኳት። መንገር ነበረብኝ። ዝም አለች፣ ከዚያ «አንቺ ባትነግሪኝ ማን ይነግረኝ ነበር» አለችኝ። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ልቤ ይከብደኛል።

ሐጂ ዛሬ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። ያን ዕለት የጠየቁኝን መለስኩላቸው። «ሐጂ፣ የያዝነውን ለማየት ነበር የፈለገው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «እስቲ የኔንም እዪልኝ» አሉኝ። ኪቦርዱን ከፈትኩት። ፒን ተደርጎ፣ ከሁሉ በላይ፣ አራት አኃዝ። እንዳይረሱት ብሎ የልጅ ልጃቸው ነው ያስቀመጠላቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ፊቴን አዙሬ፣ እዚያው እሳቸው ራሳቸው እንዲያጠፉት ጣታቸውን የት እንደሚያሳርፉ ነገርኳቸው።